ሰው የሚጠይቀውና ጣቱ የሚፈራው፦ የአንድ አስታዋሽ አፕ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

ማታ ማታ እየነካካሁ ለራሴ የሠራሁት ትንሽ አፕ አለ። ሥራው አንድ ነው፤ የሚረሳ ነገር ይጻፍበታል፣ ሰዓት ይሰጠዋል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይጮኻል። ለእኔ ይበቃኝ ነበር። አሁን ግን ሌሎች ሰዎች ስልክ ላይ ልጭነው ነው፤ ከዚህ በኋላ "ምቹ ነው" የማለት ሥልጣን የእኔ አይደለም። አፑ ለሰው እጅ እስኪገራ ድረስ የማየውንና የምወስነውን እዚህ እመዘግባለሁ።

ሞካሪዎቼ አምስት ናቸው። እናቴ፤ ጡረታ የወጡ መምህር የሆኑት ጎረቤቴ (ጋሼ ነው የምላቸው)፤ ተማሪው የእህቴ ልጅ፤ የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ ባልደረባዬ፤ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ ጓደኛዬ። አምስት መሆናቸው ምክንያት አለው። የአፕና የኮምፒውተር አጠቃቀም ምቾትን የሚያጠኑት ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ስሌት አንድ ሞካሪ በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶ ያህሉን ያሳያል፤ አምስት ሲሆኑ ወደ 85 በመቶ ይጠጋል። ስሌቱ ግን ሞካሪዎቹ ተቀራራቢ እንደሆኑ ያስባል። የእኔዎቹ በዕድሜም፣ በዓይንም፣ በትዕግሥትም አይገናኙም። ስለዚህ ቁጥሩን ለመጀመሪያ ያህል እንጂ እንደ ዋስትና አልያዝኩትም።

አንድ ደንብ አውጥቻለሁ፤ "ወደዳችሁት?" ብዬ አልጠይቅም። ዘመድ ሲጠየቅ "ቆንጆ ነው፣ በርታ" ይላል፤ በዚያ ምንም አልሠራበትም። ሥራ እሰጣቸዋለሁ ("ነገ ጠዋት መድኃኒትሽን እንዲያስታውስሽ አድርጊ")፣ ከዚያ አፌን ይዤ ጣታቸውን አያለሁ። አስተያየት የሚጠየቀው በመጨረሻ ነው። አፍ መያዙ ከፕሮግራም መጻፉ ይከብዳል።

የመጀመሪያው ዙር

እናቴ የመደመር ምልክቷን ወዲያው አገኘች። ጽፋ፣ ሰዓት ሞልታ፣ አስቀመጠች። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከላይ በቀኝ በኩል ሦስት ምልክቶች ተደርድረዋል፤ እርሳስ፣ ደወል፣ ሳጥን። ጽሑፍ የላቸውም፤ ንጹሕ ይመስላል ብዬ ነበር ያስቀመጥኳቸው። ጋሼ ሳጥኗ ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን አየር ላይ አቆሙና "ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ብነካት ምን ትውጥብኛለች?" አሉ። ከዚያ እጃቸውን መለሱ። አልነኳትም።

ይህን በደንብ ጽፌ ላስቀምጠው። ጋሼ ምልክቷን አለማወቃቸው ብቻ አይደለም ያስቆማቸው፤ ቢሳሳቱ ወደ ነበሩበት እንዴት እንደሚመለሱ አለማወቃቸው ጭምር ነው። የእህቴ ልጅም ሳጥኗን አላወቃትም፤ እሱ ግን ነካት፣ አየ፣ ተመለሰ። ሁለቱም ያላቸው እውቀት እኩል ነው፤ የሚለያዩት በመመለሻው ላይ ባላቸው እምነት ነው።

የወሰንኩት፦ ከእያንዳንዱ ምልክት በታች አንድ ቃል ይጻፋል። ንጹሕ መምሰሉ ይቀራል። ሦስቱን አግድም መስመር ሜኑ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። ያቺ ምልክት ትናንት የመጣች አይደለችም፤ ኖርም ኮክስ ለዜሮክስ ስታር ኮምፒውተር የሣላት እ.ኤ.አ. በ1981 አካባቢ ነው። ያን ያህል ዕድሜ ኖራም ጋሼ ከጀርባዋ ምን እንዳለ ሊገምቱ አልቻሉም። ጥፋቱ የእሳቸው አይመስለኝም፤ በየአፑ ከጀርባዋ የሚቀመጠው ነገር የተለያየ ነው። በእኔ አፕ ከውስጧ የነበሩት አራት ነገሮች ብቻ ስለሆኑ ከታች በግልጽ ተደርድረዋል።

"እርግጠኛ ነዎት?"

የዚህ ሳምንት ሥራ ማጥፋት ነው። ሁለት ስሪት አዘጋጅቼ ለሁሉም ሰጠሁ። በአንደኛው፣ ዲሊት ሲነካ "እርግጠኛ ነዎት?" የሚል መስኮት ይመጣል። በሁለተኛው ወዲያው ይጠፋና ከታች "ጠፍቷል፤ መልስ" የሚል ቀጭን አሞሌ ይወጣል።

በአንደኛው ስሪት የእህቴ ልጅ ጥያቄውን አላነበበውም። መስኮቱ ብቅ ሲል አውራ ጣቱ "አዎ" የሚለው ቦታ ላይ ቀድሞ ደርሷል። ማጥፋት ያልነበረበትን እንዲያጠፋ ብጠይቀውም እንዲሁ አለፈው። እናቴ በተቃራኒው፣ ማጥፋት የምትፈልገውን ነገር ለማጥፋት ገብታ፣ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አነበበችና "አይ" አለች። ለምን ስላት "ሁሉንም ቢያጠፋብኝስ?" አለችኝ። አንድ ጥያቄ፣ አንዱን ሳያስቆመው ሌላዋን ያለ ምክንያት አስቆማት። ለማን እንደተሠራ ግራ ገባኝ።

ሁለተኛው ስሪት ላይ ሁሉም ፈጠኑ፤ ግን አሞሌዋ የራሷ ጣጣ አላት። አንድሮይድ ላይ የተለመደው ረጅሙ ቆይታዋ ሦስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው እስኪያወርዱ የለችም። "የሆነ ነገር ብልጭ አለና ሄደ" አሉ። ጂሜይል የላኩትን ደብዳቤ ለመመለስ ከ5 እስከ 30 ሰከንድ አስመርጦ የሚሰጠው ወዶ አይደለም፤ ሰው መሳሳቱ የሚገባው ከነካው በኋላ ትንሽ ቆይቶ ነው። እንዲያውም ያ "ላክን መልስ" የሚባለው ነገር እ.ኤ.አ. በ2009 እንደ ሙከራ ገብቶ መደበኛ ሴቲንግ የሆነው በ2015 ነው። ሰዎች ካመሰገኗቸው የአፕ ነገሮች ሁሉ እኔ ይቺን ነው የማስቀድመው። ምንም አዲስ ነገር አትሠራም፤ የሠራኸውን ትመልስልሃለች።

ያደረግኩት፦ "እርግጠኛ ነዎት?" ከአፑ ወጣ። አሞሌዋ ሌላ ነገር እስኪነካ ድረስ አትጠፋም። ከዚያም በላይ የጠፉት ለ30 ቀን የሚቆዩበት "የተጣሉ" የሚል ገጽ ተጨመረ። ይህን ለእናቴ አሳየኋት። ራሷ አንዱን አጠፋች፣ ሄዳ መለሰችው፣ እንደገና አጠፋችው። ከዚያ "ተመልሶ ከመጣማ" ብላ ዝርዝሩን በሙሉ ማጽዳት ጀመረች። ከአፑ ጋር እስካሁን ካየኋት ሁሉ ደፋር የሆነችው ያኔ ነው።

ስዋይፕ

የእህቴ ልጅ ጥያቄ አጭር ነው፤ "ወደ ግራ ስስበው ይጥፋ፤ ሁሉም አፕ እንደዛ ነው።" ልክ ነው፣ እጁ ለምዶታል። ወደ ታች ስቦ ገጽ ማደስ ራሱ ሎረን ብሪክተር ትዊቲ በተባለው አፕ ላይ ያመጣው የአንድ ሰው ፈጠራ ነበር፤ አሁን ሕፃን ልጅ ሳያስተምሩት ይስባል። ስዋይፕ ግን የማይታይ ነገር ነው። ስክሪኑ ላይ "ሳበኝ" የሚል የለም፤ የማያውቀው ሰው ደግሞ ሲያንሸራትት በድንገት ያገኘዋል፣ ያውም አንድ ነገር አጥፍቶ።

አስገባሁት፣ ግን ዲሊት የምትለው ቁልፍ ከቦታዋ አልተነሳችም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ስሪት 2.2 መጎተት የሚጠይቅ ተግባር፣ መጎተቱ የግድ ካልሆነ በቀር፣ ሳይጎተት፣ በመንካት ብቻ የሚሠራበት አማራጭ እንዲኖረው ይጠይቃል። መመሪያው ለድረ ገጽ ቢጻፍም ለስልክ አፕ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጎትቶ መሃል ላይ ሲለቀው የሚሆነውን ያየ አይከራከርም።

አውራ ጣት

ነርሷ ጓደኛዬ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ አልሞከረችልኝም። "ቁጭ ብዬ ስልክ የምነካካ ይመስልሃል?" አለችና ቆማ፣ በግራ እጇ ፋይል ይዛ፣ በቀኟ ብቻ ሞከረችው። የተሻለ ሙከራ ሆነ። የመደመር ምልክቷ ከላይ ጥግ ስለነበረች ስልኩን በመዳፏ ላይ ወደ ታች ማንሸራተት ነበረባት፤ ሊወድቅባት ነበር። ስቲቨን ሁበር እ.ኤ.አ. በ2013 ሰዎች በየአደባባዩ ስልክ ሲነካኩ ታዝቦ በጻፈው ላይ 49 በመቶ ያህሉ በአንድ እጅ ይጠቀሙ ነበር። የዚያን ጊዜ ስልክ ደግሞ ከአሁኑ ያንስ ነበር።

ምልክቷ ወደ ታች ወረደች፣ ተለቀች። አፕል የሚነካ ነገር ቢያንስ 44 በ44 ነጥብ (የስክሪን መለኪያ ነው) ይሁን ይላል፤ ጉግል በራሱ መለኪያ 48 በ48 ይላል፣ ስክሪን ላይ ወደ 9 ሚሊሜትር ይመጣል። ባልደረባዬ አልወደደውም፤ "ከላይ ነው የለመድኩት፣ ታች ስትሆን አስጠላች" አለኝ። አስጠላችው እንጂ አልዘገየም፤ እንዲያውም ፈጥኖ ጻፈ። የአፍና የጣት ነገር ሲጋጭብኝ ጣቱን ነው የማምነው። ፖል ፊትስ እ.ኤ.አ. በ1954 ያስቀመጠው ሕግም እንዲሁ ነው፤ የሚነካው ነገር ቅርብና ትልቅ ሲሆን እጅ ይፈጥናል።

ፊደል

ጋሼ የስልካቸውን ፊደል ሴቲንግ ውስጥ ገብተው እስከ መጨረሻው ጥግ አሳድገውታል። አንድሮይድ 14 እስከ 200 በመቶ ያደርሰዋል። የእኔ ስክሪን ያን ሲያይ ተበታተነ፤ "አስቀምጥ" የሚለው ቁልፍ ላይ "አስቀ" ብቻ ቀረ። ቁመታቸው በቁጥር የተወሰኑትን ሳጥኖች ሁሉ ፈትቼ በጽሑፉ ልክ እንዲያድጉ አደረግኩ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ለሚሠራው ሰው አይታይም፣ ለሚጠቀመው ግን ሁሉ ነገር ነው።

በዚያው "ለአዛውንት የሚሆን ቀላል ገጽታ ልሥራልዎት? ትልልቅ ሳጥን፣ አራት ነገር ብቻ ያለው?" አልኳቸው። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝና "ፊደሉን አሳድግልኝ አልኩ እንጂ አእምሮዬን አሳንስልኝ አልኩህ እንዴ?" አሉ። ሐሳቡ በዚያው ተዘጋ። በየስልኩ "ቀላል ሁነታ" እየተባለ የሚቀርበው ነገር ብዙ ጊዜ የፊደል መጠንንና የተግባር ብዛትን አንድ ላይ አስሮ ያቀርባል። ዓይን መድከሙ ሌላ፣ ብዙ ነገር ለማድረግ መፈለግ ሌላ።

ቀለምና ጨለማ

ያለፈበት ነገር በቀይ፣ የተሠራው በአረንጓዴ ነበር። ባልደረባዬ ሁለቱን አንድ አድርጎ አያቸው፤ ቀይና አረንጓዴ እንደማይለይ አብረን ስንሠራ ኖረን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከሰሜን አውሮፓ ዝርያ ወንዶች መካከል ከ12 አንዱ ገደማ እንዲህ ነው፤ በሌላው ቁጥሩ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። ቀለሙ ቀረ አላልኩም፤ ያለፈበት የቃለ አጋኖ ምልክት፣ የተሠራው የእርማት ምልክት ተጨመረላቸው።

ሰዓቱን የሚያሳየው ግራጫ ጽሑፍም ተቀየረ። ነጭ ላይ #999999 የሚባለው ግራጫ (ቁጥሩ የቀለም ኮድ ነው) ያማረ ነው፤ ከነጩ ጋር ያለው ንፅፅር ግን 2.85 ለ1 ብቻ ነው፣ ለመደበኛ ጽሑፍ የሚፈለገው ቢያንስ 4.5 ለ1 ነው። #767676 ያልፋል፣ በጭንቅ። ከዚያም ትንሽ አጠቆርኩት።

ዳርክ ሞድን (ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል) ሁሉም ጠየቀኝ፣ ከጋሼ በቀር። ነርሷ የጠየቀችበት ምክንያት ጥርት ያለ ነው፤ ታካሚ በተኛበት ክፍል ሌሊት ነጭ ስክሪን መክፈት ነውር ነው። ሌሎቹ ግን "ባትሪ ይቆጥባል" ነው ያሉኝ። ይቆጥባል፣ ስክሪኑ ኦሌድ (እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚያበራበት ዓይነት) ከሆነ ብቻ፤ እዚያ ጥቁር ማለት የጠፋ ነጥብ ማለት ነው። ኤልሲዲ ላይ ከጀርባ ያለው መብራት እንደበራ ስለሚቆይ ለውጥ የለውም። ኦሌድ ላይም ቢሆን የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሳዩት ብርሃኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ ላይ ሲሆን የሚተርፈው ከ3 እስከ 9 በመቶ ነው፤ ብርሃኑ እስከ ጥግ ሲከፈት ነው ከ39 እስከ 47 በመቶ የሚደርሰው። ይህን ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። "ለማንኛውም ያምራል" አለ። እሱም ምክንያት ነው።

ጋሼ ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ ሲሆን ይደበዝዝባቸዋል። ስለዚህ አፑ በመጀመሪያ የስልኩን ሴቲንግ ይከተላል፤ ከዚያ ውጭ የፈለገ ለአፑ ብቻ ይቀይራል።

የሚጮኸው ነገር

ከሁሉ የረዘመው ሥራ ይህ ሆነ። አስታዋሽ አፕ ካላስታወሰ ምን ሊረባ ነው?

መጀመሪያ ፈቃዱ። ከአንድሮይድ 13 (እ.ኤ.አ. 2022) ወዲህ አንድ አፕ ኖቲፊኬሽን ለመላክ ሰውየውን መጠየቅ አለበት። ብዙ አፖች ገና ሲከፈቱ ይጠይቃሉ። እናቴ እንዲህ ያለ መስኮት ስታይ ሁልጊዜ "አትፍቀድ" ነው የምትለው፤ "ምን እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት እፈቅዳለሁ?" ትላለች፤ ትክክል ናት። ጥያቄውን ወደ ኋላ አዛወርኩት። የመጀመሪያውን ማስታወሻ ጽፋ፣ ሰዓት ሞልታ፣ "አስቀምጥ" ስትል ያኔ "በዚህ ሰዓት እንድጠራዎት ይፍቀዱልኝ" ይላል። ያኔ ፈቀደች፤ ጥያቄው የመጣው ራሷ ለፈለገችው ነገር ነበራ።

ሁለተኛው፣ በሰዓቱ መድረስ። ከአንድሮይድ 6 (እ.ኤ.አ. 2015) ጀምሮ ስልኩ ሳይነካ ሲቀመጥ ዶዝ የሚባል እንቅልፍ ውስጥ ይገባል፤ የአፖች ሥራ እየተጠራቀመ በየመሃሉ ይለቀቃል። በትክክለኛው ደቂቃ ለመጮኽ ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንድሮይድ 14 ደግሞ ይህን ፈቃድ ለአብዛኞቹ አዲስ ለተጫኑ አፖች ዘግቶ ነው የሚጀምረው። ከዚህ ሁሉ በላይ የአንዳንድ ስልኮች የራሳቸው ባትሪ ቆጣቢ አለ። የባልደረባዬ ስልክ ላይ ጥሪው ዘግይቶ መጣ፤ ስልኩ አፑን አስተኝቶት ኖሯል። ማስታወሻዎቹን እንደ ደወል ሰዓት በሚያስመዘግበው መንገድ ቀየርኳቸው፤ ያ ዶዝን ያልፋል። የባትሪ ቆጣቢውን ነገር ግን ከአፑ ውስጥ ሆኖ መፍታት አይቻልም፤ ሰውየው ራሱ ሴቲንግ ገብቶ መፍቀድ አለበት፣ ቦታውም በየስልኩ ይለያያል።

ስለዚህ ተስፋ ከመስጠት ይልቅ ማረጋገጫ ጨመርኩ። "ሞክረው" የሚል ቁልፍ አለ፤ ሲነካ "ስክሪኑን ዝጋና ጠብቅ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ እጮኻለሁ" ይላል። ሁሉም ሞከሩት፣ ሁሉም ወደዱት። ባልደረባዬ ሌሊት ከመተኛቱ በፊት እስከ አሁን ይነካታል አሉ። ከለፋሁባቸው ነገሮች ሁሉ የተመሰገነችው በአንድ ምሽት የሠራኋት ይህች ቁልፍ ናት፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል።

ቀይ ነጥብ ከአፑ ምልክት ላይ አይኖርም። ነርሷ "አንዲት ቀይ ነጥብ ካለች ሳልነካት እንቅልፍ አይወስደኝም" ትላለች፤ የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ቀይ ቁጥር አለ፣ አይቶትም አያውቅ። ለአንዷ ጭንቀት፣ ለሌላው ግድግዳ። "ናፍቀኸናል፣ ተመለስ" የሚል ኖቲፊኬሽንም አይኖርም፤ የሚጮኸው ሰውየው ባዘዘው ሰዓት ብቻ ነው።

የፍላጎት ዝርዝር

አሁን "ምን ይጨመር?" ብዬ ጠየቅኩ። የመጣው ብዙ ነው፤ የሚበዛውን አለፍኩት። የእህቴ ልጅ በተከታታይ የተሠራባቸውን ቀናት የሚቆጥር ነገር ፈለገ። አይገባም። አንድ ቀን ታሞ የተኛ ሰው ቁጥሩ ዜሮ ሲሆንበት የሚሰማውን አውቀዋለሁ፤ ዜሮ ከሆነ ደግሞ መመለሻ የለውም።

እናቴ "መጻፉ ይታክተኛል፣ ልናገር" አለች። ንግግርን ወደ ጽሑፍ መቀየር ሞከርኩ፤ ሲስት ማረሙ ከመጻፍ ይብሳል። ከዚያ ቀለል ያለው መንገድ ታየኝ፤ ድምፁ እንዳለ ይቀመጥ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይጫወት። አሁን እናቴ ለራሷ "ኪኒንሽን ዋጪ፣ ዛሬ ደግሞ እንዳትረሺ!" ብላ ቀድታ ጠዋት ራሷ ለራሷ "እሺ፣ እሺ" ትላለች። የማይክሮፎን ፈቃድ የሚጠየቀው የመቅጃ ቁልፏ ስትነካ ነው፤ ከዚያ በፊት አይደለም።

አፕዴት ከመላኩ በፊት

የእህቴ ልጅ መልኩ እንዲታደስ ይወተውታል። ምልክቶቹ ቢዞሩ፣ ዝርዝሩ በካርድ ቢሆን። ያምር ይሆናል። ግን አሁን ከአምስቱ አራቱ ሳያዩ መንካት ጀምረዋል፤ ነርሷ መደመሩን ፋይሏን እያየች ነው የምትነካው። ቦታውን መለወጥ መብራት በጠፋበት ቤት የሰው ዕቃ ማዛወር ነው። ሰው ስለ አፕዴት ሲያማርር "ለውጥ ይጠላል" ይባላል፤ እኔ ያየሁት ለውጥ የሚጠላ ሰው የለም። እናቴ ድምፅ መቅጃውን በደስታ ተቀብላለች። የሚያናድዳቸው ሳይጠየቁ መቀየሩ፣ ደግሞም የድሮውን መልሶ ማግኛ ማጣት ነው።

ስለዚህ ደንብ ሆነ፦ ዋናው ገጽ ላይ ያለ ነገር ከቦታው አይነሳም። አዲስ ነገር ከታች ይጨመራል። የካርዱ መልክ ሴቲንግ ውስጥ ምርጫ ሆኖ ይገባል፤ የእህቴ ልጅ ከፍቶ ይጠቀምበት፣ ሌላው አይነካካ።

የቀረ

ባልደረባዬ እንደ ሒሳብ ሰው የመጨረሻውን ጥያቄ አመጣ፤ "ነገ አንተ ቢሰለችህና አፑን ብትተወው የእኔ ዝርዝር የት ይሄዳል?" ትክክለኛ ጥያቄ ነው። "አውጣ" የሚል ቁልፍ ተሠራ፤ ጽሑፉ ሁሉ በተራ የጽሑፍ ፋይል ይወጣል፣ ያለ አፑም ይነበባል። መልሶ ማስገባቱም ለጽሑፍ ይሠራል። የድምፅ ማስታወሻዎቹ ግን ሲወጡ ከሰዓታቸው ተለይተው ይወጣሉ፤ መልሰው ሲገቡ የትኛው የትኛው ሰዓት እንደነበረ አይታወቅም። ሰዓቱን በፋይሉ ስም ላይ ለመጻፍ አስቤያለሁ። ያ ሳያልቅ አዲሱ ስሪት ለማንም አይላክም።